ለሁሉም ልጅ የሚሆን አይስክሬም
በዋጃ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ አይስክሬም ነው። በዚህ ሙቀት አይስክሬም የማይወድ ልጅ የለም። ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚያልፍ መንገደኛም ዋጃ ላይ ወርዶ የሚፈልገው መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎም የሚቀዘቅዝ ነገር ነው። ነገር ግን በመካከላችን ስንዴና ገብስ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የሚያማቸው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። ያወቁት ደግሞ ልጆች ተሰብስበው በሚበሉበት ቦታ ሁሉ «ይህ ላንተ አይሆንም» እየተባሉ ዳር ይቀመጣሉ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ማሽላና ጤፍ በሚታፈስበት በራያ ቆላ፣ ስንዴ የማይስማማው ልጅ ከአይስክሬም የሚለይበት አንዳች ምክንያት የለም። እህሉም ወተቱም አለን። የጎደለው የሻጩ፣ የወፍጮ ቤቱና የቤተሰቡ እውቀት ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሟላ ይችላል።

በመጀመሪያ ግሉተን ምን እንደሆነ እንነጋገር። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ፣ እንዲሁም ሬይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲሳብ ሳይበጠስ የሚረዝመው፣ ዳቦውም የሚነፋው በእሱ ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲበላ የራሱ የሰውነት መከላከያ ተነስቶ የትንሹን አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ያጠቃል። ምግብን ወደ ደም የሚያስገቡት ጥቃቅን እጥፋቶች እየተበሉ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቢበላም አይጠቅመውም። ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመላለሳል፣ ልጅ ከእኩዮቹ በቁመትና በክብደት ያንሳል፣ በብረት ክኒን የማይሻል የደም ማነስ ይመጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በአፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ መካንነትና ተደጋጋሚ ውርጃ ይታያል። ሆዱን ምንም ሳያመው በድካምና በደም ማነስ ብቻ የሚሠቃይም አለ።

በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ሴሊያክ አለበት። በሽታው በዘር ይወርዳል፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ሴሊያክ ካለበት፣ የቅርብ ዘመዶቹም መመርመር አለባቸው።

ስንዴ የማይስማማበት ሁለተኛው ምክንያት የስንዴ አለርጂ ነው። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን ያሳክካል፣ ከንፈርን ያሳብጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ጉሮሮን ዘግቶ ሕይወትን ለአደጋ ይጥላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ቤት ተቀምጦ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ሦስተኛው፣ ሴሊያክም አለርጂም ሳይኖርባቸው ስንዴ ሲበሉ ሆዳቸው የሚነፋ፣ ራሳቸውን የሚያማቸውና የሚደክማቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። እነሱ አንጀታቸው አይጎዳም፤ ሥቃያቸው ግን እውነተኛ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። በእኛ አገር ሆድ በታመመ ቁጥር «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ጨጓራ ነው» ማለት ይቀናናል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ተደጋግሞ ተወስዶ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ በተለይ ልጁ ማደግ ካቆመ፣ «ሴሊያክ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ምርመራው በደም ይጀመራል፤ ሲያስፈልግም በኢንዶስኮፒ ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል። ታዲያ ሳትመረመሩ ስንዴ እንዳታቆሙ። ስንዴ ካቆማችሁ በኋላ ከተመረመራችሁ ምልክቱ ከደም ውስጥ ይጠፋና ውጤቱ በሽታ የሌለ አስመስሎ ያሳስታችኋል። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ምግብ መለወጥ።

ይህ እውቀት እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ድርቅና ረኀብ ላየ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ሳሙኤል ጊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሽታውን በሚገባ ገልጾ፣ መድኃኒቱ ከተገኘ የሚገኘው ከምግብ ነው ብሎ ጻፈ። የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። ያንን ያወቀው ዊለም ዲክ የተባለ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ዲክ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 እስከ 1945 በዘለቀው የብርድ ወራት ኔዘርላንድ በረኀብ ስትመታ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሲከሳ እነዚያ ሆዳቸው የታመመ ልጆች ግን ተሻላቸው። የእርዳታ ዳቦ ሲመጣ ደግሞ ተመልሰው ታመሙ። ዲክ በ1950 ይህን በጥናት አስደግፎ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የሴሊያክ ሕክምና ስንዴ፣ ገብስና ሬይን ጨርሶ መተው ሆነ።

ሌላም ታሪክ አለ። በምዕራባዊ ሰሃራ የሚኖሩ የሰሃራዊ ሕዝቦች የኖሩት በግመል ወተት፣ በሥጋና በተምር ነበር። ቅኝ ግዛትና ስደት ሲመጣ ኑሯቸው በስንዴ ዱቄት ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአልጄሪያ ስደተኛ ጣቢያዎች ካሉት ልጆቻቸው 5.6 በመቶው ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳየ። እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ከፍተኛ ቁጥር የትም አልታየም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ራያም እንደዚያ ናት ለማለት አይደለም። የሕዝብ ምግብ ሲለወጥ የጤና ባለሙያና ቤተሰብ ዓይኑን መክፈት እንዳለበት ለማሳሰብ ነው። የእኛም ማዕድ ተለውጧል። የራያ ቆላ ሰው የኖረው በማሽላና በጤፍ፣ በላምና በግመል ወተት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ ከአላማጣ በላይ ዳገቱን ወጥተን የምናገኛት ኮረም የዓለም መነጋገሪያ በሆነችበት ዘመን፣ የእርዳታ ስንዴ በየቤቱ ገባ። ከዚያም በኋላ በድርቅ ዓመታት የሚታደለው ስንዴ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ውለታው አይካድም። ዛሬ ደግሞ በየከተማው ዳቦ ቤት አለ፣ ብስኩትና ፓስታ በየሱቁ ተደርድሯል፣ የበጋ መስኖ ስንዴም ወደ ብዙ ቆላማ አካባቢ እየገባ ነው። ስንዴ ጠላት አይደለም። ለማይስማማው ሰው ግን ከየት በኩል እንደሚመጣበት ማወቅ ግድ ሆኗል።

የራሳችን እህል ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ጤፍ ግሉተን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በርካታ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ ሴሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳው ፕሮቲን በጤፍ ውስጥ እንደሌለ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ማሽላም ግሉተን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናትም ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ማሽላ በልተው እንዳልጎዳቸው አሳይቷል። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሰሊጥና ተልባም እንዲሁ ናቸው። ይህ ቆላ በደጋሌትና በጅጉርቲ ማሽላው የታወቀ ነው። አቀንጭራ የተባለው አረም የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ገበሬውን ባስለቀሰበት ጊዜ ተመራማሪዎች የሚቋቋመውን ዝርያ ለማውጣት ብዙ ደክመዋል፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም በማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ያ ሁሉ የተደከመለት እህል፣ በሌላ አገር በውድ ዋጋ ተገዝቶ ለሴሊያክ ታማሚ የሚቀርብ እህል ነው። እኛ ግን በየጎተራችን አስቀምጠን ልጃችንን የስንዴ ብስኩት እናበላለን።

አሁን ወደ አይስክሬሙ ልምጣ። አይስክሬም በመሠረቱ ወተት፣ ክሬም፣ ስኳር፣ አንዳንድ ጊዜም እንቁላል ነው። ከእነዚህ አንዱም ግሉተን የለበትም። በላስቲክ ታስሮ ወይም በእንጨት ላይ የሚሸጠው ጀላቲም ውሃ፣ ስኳር፣ ቀለምና ጣዕም ነው። ታዲያ ግሉተኑ ከየት ይመጣል? በሦስት መንገድ ይመጣል፦ በኮኑ፣ በድብልቁና በእጅ።

ኮኑ ከስንዴ ዱቄት የተጋገረ ነው። በመንገድ ዳር የምናየው ቀላሉ ኮን ወደ 5 ግራም ቢመዝን፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የስንዴ ዱቄት ነውና፣ 300 ሚሊግራም ገደማ ግሉተን ይኖረዋል። በሴሊያክ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለአብዛኛው ታማሚ በቀን ከ10 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ጉዳት እንደማያመጣ፣ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ለሦስት ወር መውሰድ ግን አንጀትን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። አንድ ኮን ማለት እንግዲህ የ10 ሚሊግራሙ ሠላሳ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ «ኮኑን ጣለውና ከላይ ያለውን ብቻ ብላ» ማለት አይሠራም። አይስክሬሙ የነካው የኮኑ ጠርዝ ረጥቦ ከአይስክሬሙ ጋር ተላቁጧል፤ ፍርፋሪውም አብሮ ይገባል። ለዚህ ልጅ የሚሆነው በኩባያ የተቀዳ ነው።

ሁለተኛው ድብልቁ ነው። ብስኩት፣ ኬክ ወይም ዋፈር የተፈረፈረበት አይስክሬም ግሉተን አለበት። ማልት ያለበትም እንዲሁ፤ ማልት የገብስ ብቅል ነው። በማሽን የሚቀዳው ለስላሳው አይስክሬም ብዙ ጊዜ ከከረጢት በወጣ ዱቄት ድብልቅ ይሠራል። ከረጢቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ማንበብ፣ ወይም ሻጩን «ከረጢቱን አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም። ስንዴ፣ ገብስ ወይም ማልት የሚል ካለ ተዉት። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ እንዲወፍርለት የስንዴ ዱቄት ሊጨምርበት ይችላል፤ ይህንንም ጠይቁ። ለማወፈሪያ ኮርን ስታርች የተጠቀመ ምንም ችግር የለበትም። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ በገበያችን አጃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንድ ጊዜ የስንዴ ዘመድ የሆነው ጥንታዊ እህል ነው፤ የሚጠጣ የአጃ ዱቄት ተጨምሮበታል የተባለ ነገር ለሴሊያክ ታማሚ አይሆንም።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ የሚረሳው እጅ ነው። ሻጩ ኮን በያዘበት እጁ ኩባያ ያነሳል። አይስክሬም የሚዝቅበት ማንኪያ ብስኩት ያለበትን ዕቃ ነክቶ ብስኩት ወደሌለበት ይመለሳል። ከዚያ ማንኪያውን በአንድ ሳህን ውሃ ነክሮ ያስቀምጠዋል፤ ውሃው የኮኑን ፍርፋሪ ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል። ብርድ ግሉተንን አይገድለውም፤ እሳትም አያጠፋውም። የአልኮል ሳኒታይዘርም ጀርም እንጂ ግሉተንን አያጠፋም። የሚያስወግደው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ብቻ ነው።

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «ግሉተን የሌለበት» ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ልክ በአንድ ኪሎ ግራም ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን የሚል ነው። የመንገድ ዳር ሻጭ ይህን በመሣሪያ ሊለካ አይችልም፤ እኔም አልጠይቀውም። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አንድ ማንኪያ ለብቻው ይቀመጥ፤ ብስኩት የሌለበት አንድ ዕቃ ለብቻው ይከደን፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ሲመጣ እጅ ይታጠብ፤ በንጹሕ ኩባያ ይቀዳ። ከዚያ በላይ የማያውቀውን ነገር «አያሳስብም፣ የለበትም» ብሎ ከመናገር «አላውቅም» ይበል። «አላውቅም» ያለ ሻጭ ልጁን ከሕመም ያድነዋል፤ እናትየውም ስለታመነላት ነገ ተመልሳ ትመጣለች።

ስለ ወተቱም ጥቂት እንነጋገር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። አይስክሬም በልቶ ሆዱ የነፋ ሁሉ ግሉተን ነክቶት አይደለም። በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚባል ስኳር መፍጨት የሚያቅታቸው ብዙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሌላም አለ። ሴሊያክ አንጀቱን የጎዳው ሰው ላክቶስን የሚፈጨው ኢንዛይም ለጊዜው ይቀንስበታል፤ ስንዴ ትቶ አንጀቱ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ወተትም ይስማማዋል። ስለዚህ ገና ሕክምና የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ወተት ቢያስቸግረው ተስፋ አይቁረጥ። እርጎ ላክቶሱ ቀንሶ ስለሆነ ለብዙዎች ይቀላል። ከራያ እርጎ፣ ከማርና ከበሰለ ማንጎ የተሠራ የቀዘቀዘ እርጎ ከየትኛውም የከተማ አይስክሬም አያንስም። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ንጽሕናንም ልጨምር። ግሉተን የለበትም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ከብት አርቢ ሰው ይህን ከሌላው ይበልጥ ማወቅ አለበት። በቆሸሸ ውሃ የተሠራ ጀላቲ ታይፎይድ ያመጣል። መብራት ጠፍቶ የቀለጠ አይስክሬም መልሶ ሲጠነክር ጀርሙ በቅዝቃዜው አይሞትም፤ እንደገና እስኪቀልጥ ይተኛል እንጂ። ቀልጦ የዋለ አይስክሬም ኪሳራ መሆኑ ያማል፤ የልጅ ተቅማጥ ግን ከዚያ ይብሳል።

አሁን ወደሚሠራው ነገር እንግባ። በቤታችን ያለ ምንም ማሽን አይስክሬም መሥራት ይቻላል። አንድ ሊትር ወተት አፍሉ። የአራት እንቁላል አስኳል ከ200 ግራም ስኳር ጋር እስኪነጣ ምቱ። ትኩሱን ወተት ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ አማስሉ፤ ከዚያ በለስላሳ እሳት ላይ ማንኪያውን እስኪሸፍን አብስሉት፤ እንዳይፈላ ግን ተጠንቀቁ፣ እንቁላሉ ይቋጠራልና። አውርዳችሁ ሁለት ኩባያ የተፈጨ ማንጎ ወይም ፓፓያ ጨምሩ። ፍሪዘር ያለው በየግማሽ ሰዓቱ አራት አምስት ጊዜ እያማሰለ እስኪጠነክር ያቀዝቅዘው። ፍሪዘር የሌለው ሰው ደግሞ ከሱቅ በረዶ ይግዛ። ሦስት እጅ የተሰበረ በረዶ ከአንድ እጅ ጨው ጋር በትልቅ ባልዲ ይቀላቀል፤ ድብልቁ ያለበት የብረት ዕቃ በጥብቅ ተከድኖ መሐሉ ይቀመጥ፤ ያለማቋረጥ ይዙር፣ አልፎ አልፎም ተከፍቶ ይማሰል። ጨው በረዶውን ሲያቀልጠው ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ያወርደዋል፤ በዚያ ብርድ ክሬሙ ይጠነክራል። የአፋር ጨው በግመል ተጭኖ ለዘመናት ለተሻገረበት አገር ጨው ብርቅ አይደለም።

ለጾም ቀን ወተቱንና እንቁላሉን ትታችሁ የበሰለ ሙዝና ማንጎ ከተፈጨ ሰሊጥ ጋር እስኪጠነክር አቀዝቅዙ። በልክ ጣፋጭ፣ በልክ ቅባት አለው።

ኮን የሚፈልግ ልጅስ? ልጅ ኮን ይወዳል፤ በእጁ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። በልጃገረዶቹ በዓል፣ በሶለል ሰሞን፣ ተሰብስበው ሲጫወቱ አንዷ ብቻ ኩባያ ይዛ መለየት አትፈልግም። የጤፍ ኮን እንሥራላት። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ የሁለት እንቁላል ነጭ፣ 80 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም የቀለጠ ቅቤና ጥቂት ወተት ተቀላቅሎ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሁን። ስንዴ ባልነካው ምጣድ ላይ፣ በለስላሳ እሳት፣ በጣም ቀጭን ሆኖ ይዘርጋ። ገና ትኩስ እያለ በተሾለ እንጨት ላይ ይጠቅለል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ይጠነክራል። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ሊጡን የሚያያይዘው የእንቁላሉ ነጭ ነው፤ ስለዚህ እሱን አትቀንሱ። በማሽላ ዱቄትም ይሆናል። ይህን ሠርቶ የሚሸጥ ወጣት በዚህ መንገድ ላይ ቢገኝ ራሱም ይጠቀማል፣ ለብዙ ቤትም ደስታ ይሆናል።

ነገር ግን ጤፉ ራሱ ንጹሕ ካልሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ወፍጮ ቤታችን ጧት ስንዴ፣ ረፋድ ላይ ገብስ፣ ከሰዓት ጤፍ ይፈጫል። በድንጋዩና በመውረጃው ውስጥ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወርዳል። ለሴሊያክ ታማሚ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ቢቻል አንዱን ወፍጮ ለጤፍና ለማሽላ ብቻ ለዩት። ካልተቻለ ጠርጋችሁ አጽዱት፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ጥቂት ኪሎ ማሽላ ፍጩና ለከብት ይሁን፤ የታማሚው እህል ከዚያ በኋላ ይግባ። እህሉንም ከመፍጨት በፊት ልቀሙት። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ በወንፊት ሲነፋ ስንዴውና ገብሱ ላይ ይቀራል። ማሽላ ደግሞ ቅርጹ ክብ ስለሆነ ከስንዴው በዓይን ይለያል። ይህ የእናቶቻችን የዕለት ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ሕክምና ሆኗል።

እንጀራም ላይ ተጠንቀቁ። ከቤት ውጭ የሚሸጥ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከሱቅ የሚገዙትም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው። ከጎረቤት የተበደራችሁት እርሾም ስንዴ ከነካው ቤት ሊመጣ ይችላልና የራሳችሁን ያዙ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጭኮ፣ አምባሻ፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላና ቢራ ለሴሊያክ ታማሚ አይሆኑም። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ደግሞ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ። በምትኩ የሚበላው ሞልቷል፤ የማሽላ ቂጣና ገንፎ፣ እሸቱ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ጥንቅሹ፣ ማንጎው፣ ወተቱና ሥጋው።

ከምግቡ ይበልጥ የሚከብደው ግን ሰዉ ነው። ራያ እንግዳ አክባሪ አገር ነው። ዳቦ ቆርሰን «በሞቴ ቅመስልኝ» ብለን እምቢ ያለን እንቀየመዋለን። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ዳቦ የቆረሰ እጅ ግን ለዚህ ሰው ጉርሻ ሲሰጥ ሕመም ያጎርሰዋል። ሰውየው እምቢ ሲል ንቆን አይደለም፤ የራሱን ሕይወት እየጠበቀ ነው። ልጅም ሲሆን «ትንሽ አይጎዳውም» የሚል አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ትንሽም ይጎዳዋል። በፍቅር የሰጠነው አንድ ቁራሽ ወራት የፈጀን ማገገም ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል። ፍቅራችንን የምናሳየው ስሙን ጠርተን፣ ከእኛ ጋር አስቀምጠን፣ ለእሱ የሚሆነውን ቀድመን በማዘጋጀት ነው።

ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ መንግሥት የሴሊያክ ታማሚዎችን ለምግባቸው መግዣ ይደጉማል። ብዙ የጣሊያን አይስክሬም ቤቶችም ለእነሱ የተለየ ዕቃና ማንኪያ አላቸው። እነሱ ይህን ያደረጉት ስንዴ ዋና ምግባቸው በሆነበት አገር ነው። እኛ ጤፍና ማሽላ ዋና ምግባችን በሆነበት አገር ማድረጉ ምን ያቅተናል?

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ እያንዳንዳችን የምንወስደው ሥራ አለ። አይስክሬም የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኩባያና የተለየ ማንኪያ ያዙ፤ በጋሪያችሁ ላይም «ኮኑ ስንዴ አለበት፤ በንጹሕ ኩባያም እንቀዳለን» ብላችሁ ጻፉ። የወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ በሳምንት አንድ ጧት፣ ወፍጮው ከተጸዳ በኋላ፣ ስንዴ ሳይገባ ጤፍና ማሽላ ብቻ የሚፈጭበት ሰዓት ወስናችሁ ለሕዝቡ አስታውቁ። መምህራን፣ በክፍላችሁ የማያድግ፣ ሆዱ የሚነፋና ሁልጊዜ የሚደክመው ልጅ ካለ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ወላጁን ጥሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ «በመድኃኒት አልሻል ያለው ተቅማጥ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ጨምሩበት፤ ካለም ወደ ሆስፒታል ላኩ። እናቶችና አባቶች፣ ሳታስመረምሩ ስንዴ አትከልክሉ፤ ከተመረመረና ከታወቀ በኋላ ግን በትንሹም አትደራደሩ።

ይህን ካደረግን ዋጃ ላይ ወርዶ «ስንዴ አይስማማኝም» የሚል መንገደኛ የሚበላው ነገር አያጣም፤ የራሳችን ልጅም ከእኩዮቹ አይለይም። ከባድ ነገር አልጠየቅኋችሁም፤ የሚጀመረውም ዛሬ ማታ ነው። ፈጣሪ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።  አሁን ጥያቄያችሁን አቅርቡልኝ።